ትኩሳት የሚለየው መሣሪያና የሀዋታ መንገድ

የእህቴ ልጅ አለልኝ ሀዋታ ላይ እንዳለ የነገረኝ ሰሊጥ በጫነ መኪና ካርቱም የገባ የጎንደር ሰው ነው። «ታሟል» አላለኝም። «ትንሽ ደከም ብሎታል» ነው ያለው። የአገራችን ሰው እንዲህ የሚለው መቼ እንደሆነ ስለማውቅ በማግስቱ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ሄድኩ።

ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሄደው ለማያውቁ፣ ለመሄድም ለማያስቡ ወገኖች መንገዱን እንዳየሁት ልጽፈው አስቤአለሁ። እኔ ጎንደር ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ ብዙዎች በወጡበት በር ወጥቼ ካርቱም፣ ደይም በሚባለው ሰፈር እኖራለሁ። አለልኝን እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ለሰሊጥ አጨዳ በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ምድር ከወረደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ከእሱ ሌላ በሱዳን ምድር ዘመድ የለኝም።

ወረቀቱን ተስሪሕ ይሉታል። ስደተኛ ያለ እሱ ከካርቱም ወደ ምሥራቅ ከተገኘ ይታሰራል። የሰጡኝ የዐሥር ቀን ነው። ሹሙ ማኅተሙን መትቶ «ካለፈ አላውቅሽም» አለኝ። ከቦርሳዬ አስገብቼ ቤት እስክደርስ ሦስት ጊዜ ከፍቼ አየሁት።

ሰኞ።

አውቶቡሱ ማለዳ ተነሣ። መንገዱ አስፋልት ነው። በኛ አገር መንገድ ሲሄዱ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ አይጠፋም፤ እዚህ ግን ሜዳው እንደ ተደላደለ አውድማ ተዘርግቶ ያልቃል ሲሉት ይቀጥላል። አጠገቤ ሐጃ ስትና የምትባል የገዳሪፍ ሴት ተቀምጣለች። እንደ እኔ ያረጀች ናት። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ የልጇን ጋብቻ፣ የጉልበቷን ሕመም፣ የዘይት መጭመቂያቸውን ታሪክ ስታወራልኝ ዋለች። አረብኛ አንቱታ የለውም፤ ሹሙም ሕፃኑም እኩል «አንቺ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሱዳን ስገባ ይቆረቁረኝ ነበር።

ገዳሪፍ ልንገባ ስንል ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ ወረቀቴን ተቀብሎ ወደ ዳሱ ጥላ ሄደ። ቆየ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ተሰማኝ።

«ያ ሐጃ፣ ሐበሻ ነሽ?» አለ ተመልሶ፤ በዕድሜ የገፋችን ሴት ሁሉ ሐጃ ነው የሚሉት።

«አዎ።»

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«የእህቴ ልጅ ታሞብኛል።»

«በሽተኛ ሁሉ ከዚህ ወደ ካርቱም ይሄዳል። አንቺ ከካርቱም ወደዚህ?»

ምን እንደምመልስ ሳስብ ሐጃ ስትና ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አንተ! እናትህን የምታክል ሴት ነው በፀሐይ የምታቆመው? የኔ እንግዳ ናት!» ብላ ጮኸችበት። ወረቀቱን መለሰልኝ። የሷ እንግዳ መሆኔን ያወቅሁት እዚያ ነው።

ገዳሪፍ ከሩቅ የምትታወቀው በትልልቆቹ የእህል ጎተራዎቿ ነው። ቤት ሁሉ የሰሊጥ ዘይት ይሸታል። ሐጃ ስትና ግቢ ስንደርስ በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ አንገሬብ ይሉታል፣ አወጡልኝ። ወዲያው ወተትና ሥጋ መጣ። የነቢያት ጾም ነበር። እንዴት እንደምነግራት ተጨንቄ ዳር ዳር ስል ገባትና ሥጋውን አነሣችው። «ለአላህ ብለሽ ከሆነ ያሳፍራል እንዴ?» አለችኝ። ባቄላ በሰሊጥ ዘይት ሠርታ እሷም ከኔ ጋር ያንኑ በላች። ሌላው ቤተሰብ ሥጋውን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።

ማክሰኞ።

ወደ ሀዋታ የሚሄድ ሎሪ የሐጃ ስትና ልጅ አገኘልኝ። ሴት ስለሆንኩ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሌላው ከጆንያው ላይ ነው። የዚያ አገር አፈር ጥቁር ነው። በዝናብ ጊዜ መኪና ይውጣል አሉ፤ በበጋ ደግሞ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ወደ እኩለ ቀን የሎሪው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሸፈነን። ሁሉም ያለውን ውኃ አፈሰሰበት፣ አልበቃም። የሾፌሩ ዓይን ከእግሬ ሥር ካለው ጄሪካን ላይ ዐረፈ።

«ያ ሐጃ፣ ይኼስ?»

ለአለልኝ የያዝኩት ጠበል ነበር። «የጸሎት ውኃ ነው፣ ለበሽተኛ» አልኩት።

«ይኼም በሽተኛ ነው» አለና የሎሪውን አፍንጫ መታ መታ አደረገው።

ከላይ ያሉት ሳቁ። አንዱ የኛ አገር ሰው «እማማ፣ ግድ የለም ይስጡት፣ ሲድን ይመሰክራል» አለኝ። ግማሹን ሰጠሁ። ያለኝ ይኸው ነበርና ስሰጥ ደስ አላለኝም። ሎሪው ግን ተነሣ፤ ሾፌሩ እስከ ሀዋታ ድረስ በኛ ጸሎትና በነሱ ጸሎት መካከል ያለውን ልዩነት ሲጠይቀኝ ሄደ።

ሀዋታ የራሀድ ወንዝ ሜዳ ላይ ያለች የገበሬና የሠራተኛ ከተማ ናት። ክሊኒኩ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከኋላው በሣርና በእንጨት የተሠራ ረጅም ዳስ አለ፤ ራኩባ ይሉታል። የታመሙት ሠራተኞች እዚያ ተደርድረው ተኝተዋል። ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የመጡ ናቸው፣ አብዛኞቹ። እኔ አለልኝን አላወቅሁትም፤ እሱ ነው «እትየ!» ብሎ የጠራኝ። ፊቱ ጠቁሯል፣ ክንዱ እንደ ሸንበቆ ሆኗል። ሆዱ ግን እንደ ጠገበ ሰው ወጥቷል።

«እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን አመጣሽ በዚህ ፀሐይ?»

ረቡዕ።

ጠዋት ወደ ምርመራው ክፍል አብሬው ገባሁ። ሐኪም የለም። ያለው ኡስታዝ ባሽር የሚባል ካርቱም ውስጥ የሚያስተምር ጎልማሳ ሱዳናዊ ነው፤ እሱም ትምህርቱ ኮምፒዩተር እንጂ ሕክምና አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የልብስ ስፌት መኪና ሳጥን የሚያክል መሣሪያ አለ። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይሮጣል። ፊደል መምቻው እንደ ታይፕ ነው፤ ከታይፕ ይልቅ ግን ድምፁ ለስላሳ ነው። ከውጭ ጄኔሬተር ያጓራል።

ታይፕ ጸሐፊ እንደነበርኩ ስነግረው ወንበር አቀረበልኝና በእንግሊዝኛና በአረብኛ እያደባለቀ አስረዳኝ። በዚያ ምድር ሁለት ትኩሳት አለ። አንዱ ወባ ነው፤ ሁለተኛው ካላዛር፣ ቶሎ መርፌ ካላገኘ የሚገድል ነው። ካላዛርን በመርፌ ወግቶ በማጉያ መነጽር የሚያረጋግጥ ሐኪም ያለው ገዳሪፍ ብቻ ነው። የክሊኒኩ መኪና በሳምንት አንድ ጊዜ ዓርብ ትሄዳለች። ማን ይሂድ የሚለውን ለመለየት ነው መሣሪያው የመጣው።

«ጥያቄዎቹን ማን ጻፈለት?» አልኩት።

«ማንም። በሆስፒታል የተረጋገጠላቸውን የብዙ በሽተኞች መልስ ሰጠነው። አንዱን ትኩሳት ከሌላው የሚለየው የትኛው ጥያቄ እንደሆነ ራሱ ፈልጎ አገኘ። የመጀመሪያው ጥያቄ ትኩሳቱ የቆየበት ጊዜ እንዲሆን የመረጠው እሱ ነው።» ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሰው ስለ ልጁ ጉብዝና ሲናገር እንደሚያደርገው።

አስተርጓሚዋ ለተብርሃን የምትባል፣ ትግርኛም አማርኛም የምትናገር የክሊኒኩ ረዳት ናት። አለልኝን ጠየቀችው።

«ከታመምክ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አምስት።»

«ያስልሃል?»

«የለም።»

ሆዱን ዳሰሰችው፣ ለኡስታዝ ባሽር ነገረችው፣ እሱ መታ መታ አደረገ። አረንጓዴው ፊደል ወጣ። ወባ ነው አለ። የወባ ክኒን ሰጡንና ወጣን። ወባ በመሆኑ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሆዱን እያየሁ ግን ደስ አላለኝም።

ለምሳ ለተብርሃን አንድ ጣሳ ወተት ለበሽተኛው ብላ አመጣች። አለልኝ ፊቱን አዞረ።

«ጾም ነው፣ እትየ።»

«የታመመ አይጾምም።»

«ከታመምኩማ አምስት ቀኔ ነው። ለአምስት ቀን ብዬ ጾም ልፍታ?»

«ይህ ሆድ የአምስት ቀን ነው?»

«ሆዱማ ከመስቀል ወዲህ ነው። ትኩሳቱም እንዲሁ፣ ማታ ማታ ይመጣል፣ ጠዋት ይተወኛል።»

«ታዲያ አምስት ቀን ያልከው?»

«የተኛሁት ነዋ። ያኔማ አጭድ ነበር እኮ።»

ከጎኑ የተኛው አያ ደርሶ፣ ፂሙ የሸበተ የወገራ ሰው፣ በክንዱ ቀና አለ። «እሜቴ፣ ልጁ ምን አጠፋ? በእግሩ ቆሞ የሚያጭድ ሰው ታመመ ይባላል? እኛኮ ሞት ራሱ መጥቶ እንዴት ናችሁ ቢለን፣ ደህና ነን ተመስገን ብለን የምንሸኘው ነን።»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ፤ መሳቅ የቻለው።

«እርስዎ ለሴትየዋ ስንት ቀን አሏት?» አልኩት።

«ሦስት። የተኛሁት ለእመቤታችን ነው።»

«ትኩሳቱስ?»

«እሱማ ከነሐሴ ጀምሮ ነው» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ።

እኔም ጎንደር ውስጥ ያደግሁ ስለሆንኩ የገባኝ አዲስ ነገር አይደለም። አባቴም በሽታውን የሚቆጥረው አልጋ ከያዘበት ቀን ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ድካም ይባላል። ከቤቴ ወጥቼ በአረንጓዴ ፊደል ፊት እስክቀመጥ ድረስ ግን ይህ ልማድ ሰው ሊገድል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ኡስታዝ ባሽር ምሳውን ሲበላ አገኘሁት። ነገርኩት። እጁ ከሳህኑ ላይ ቀረ። ለተብርሃንን ጠራትና እውነት እንደሆነ ጠየቃት፤ እሷም «የኛም አገር እንዲሁ ነው። ጥያቄው በአረብኛ እንደመጣ ነው ያቀረብኩላቸው» አለች።

«መሣሪያው የተማረው ከገዳሪፍ ሆስፒታል ሰዎች ነው» አለ ኡስታዝ ባሽር። «እነሱ የሚቆጥሩት ሰውነታቸው ከጋለበት ቀን ነው።» ከዚያ ተነሣና በመስኮቱ ወደ ዳሱ ተመለከተ። «ክኒን ሰጥቼ ወደ እርሻቸው የመለስኳቸውስ?»

ምሳውን ሳይጨርስ ጥሎት ወጣ።

ሐሙስ።

ሁሉንም እንደገና ጠየቅናቸው። ጥያቄውን ለተብርሃንና እኔ ነን ያወጣነው፦ «ማታ ማታ ሰውነትህን ማቃጠል የጀመረህ ለየትኛው በዓል ነው?» ቀን የሚሉት ቢጠፋቸው በዓል አይጠፋቸውም። አንዱ ለቡሄ አለ፣ አንዱ የጥቅምት ገብርኤልን አለ። አንዱ ደግሞ «ለሚካኤል» ብሎ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ከጎረቤቱ ጋር ተከራከረ። እኔ ወደ ቀን እየለወጥኩ እጽፋለሁ፣ ኡስታዝ ባሽር ለመሣሪያው ይሰጠዋል።

አለልኝ ተራው ሲደርስ አየኝ። ብዙዎቹ ከሰኔና ከነሐሴ ብለዋል። መኪናዋ የምትወስደው አምስት በሽተኛ ነው። ቀኑን ትንሽ ወደ ኋላ ቢገፋው ማን ያውቅበታል ብዬ ማሰቤን አልክድም።

«ለመስቀል ማግስት» አለ።

ከሰዓት በኋላ መሣሪያው ካላዛር የሚያሰጋቸውን ለይቶ ተራቸውን አወጣ። አንደኛ አያ ደርሶ ነው። ስድስተኛ ይርሳው የሚባል ብዙ የማይናገር የደንቢያ ወጣት። አለልኝ ሰባተኛ ሆነ። ጥያቄውን ያቃናሁት ለሱ ብዬ ነበር። ከተቃና በኋላ ስድስት ሰው ከፊቱ ቆመ።

ዓርብ።

መኪናዋ ላንድሮቨር ናት። ከኋላ አምስት በሽተኛ ከአስታማሚው ጋር ያዘች። ከፊት ያለውን መቀመጫ ሾፌሩ ዓሊ ለኔ አስቀምጦልኛል፤ አሮጊት ከፊት ትቀመጣለች፣ የዚያም አገር ወግ ይኸው ነው። እኔ በሎሪ እከተላለሁ፣ ቦታዬን ለበሽተኛ ስጡ አልኩ።

ኡስታዝ ባሽር «ኻላ፣ መቀመጫው ያንቺ ነው። ለፈለግሽው ስጪው» አለኝ። ኻላ ማለት አክስት ማለት ነው።

ለአለልኝ አልኩ። ይርሳው አጠገቡ፣ ከዳሱ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። መስማቱን አላውቅም።

«እሱ ይሂድ» አለ አለልኝ። «እኔ ለመጪው ሳምንት እደርሳለሁ።»

«ዝም በልና ግባ።»

«ተራው የሱ ነው፣ እትየ። ደግሞ እኔ ደህና ነኝ።»

በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። የዚያን ቀን ከፍ አደረግሁ። «ደህና ነኝ የምትለኝ እስክትቀበር ነው?» አልኩት። አለልኝም አንገቱን ደፋ፤ እግሩን ግን አላነሣም።

ዓሊ ከመኪናው ወርዶ ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አያቸው። አንዱን በክንዱ ያዘ፣ ከዚያ ሌላውን፣ በግ እንደሚገዛ ሰው። «ያ ጀማዓ» አለ፣ እናንተ ሰዎች ማለቱ ነው፣ «ሁለቱ ተደምረው አንድ ሰው አይሞሉም። አስገቧቸው!» አያ ደርሶ ከኋላ «እውነቱን ነው፣ መልስም ይተርፈዋል!» ብሎ መለሰ፤ ዓሊ አማርኛውን ባይሰማም ሳቀ። ሁለቱ አንዱን መቀመጫ ተካፍለው፣ ይርሳው አለልኝ ጭን ላይ ግማሽ ጎኑን አሳርፎ፣ በሩ በግድ ተዘጋ። የቀረችውን ጠበል በመስኮት ሰጠኋቸው።

ቅዳሜ።

ሎሪ አልተገኘም። አንዱ ሰሊጥ አልጫነም፣ አንዱ ጎማው ፈንድቷል። የወረቀቴ ቀን እየሄደ ነው። ለተብርሃን ራሴን እንድጠምድ ብላ ይመስለኛል፣ ምስር እንድለቅም ሰጠችኝ። ኡስታዝ ባሽር ትራክተር ለምኖ፣ ክኒን ሰጥቶ የመለሳቸውን ሰዎች ፍለጋ ወደ እርሻዎቹ ወጥቶ ነበር። ማታ አፈር ለብሶ ሦስት ሰው ጭኖ ተመለሰ። ከዚያ በላይ አላገኘም። የአንደኛው ማደሪያ ሲደርስ ጓደኞቹ መቃብሩን እንዳሳዩት ለለተብርሃን ሲነግራት ሰማሁ። እራት ቀርቦለት አልበላም። እኔም ውኃ ቀድቼ እጁን አስታጠብኩት።

እሑድና ሰኞ።

ሎሪው እሑድ ረፋድ ተነሥቶ ሲመሽ ገዳሪፍ አደረሰኝ። ሐጃ ስትና በሩ ላይ «ልጁስ?» ብላ ነው የተቀበለችኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ አብራኝ ሄደች። ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ በረንዳው ላይ ሁሉ በሽተኛ ተኝቷል። ጎንደር ሆስፒታልም ሰው ይበዛል፤ እዚያ ግን ቢያንስ የምጠይቀውን ሰው በስሙ አውቀዋለሁ። እዚህ በየአልጋው እያጎነበስን ፈለግን። ሐጃ ስትና ሐኪሙንም ጠራጊውንም በእኩል ድምፅ እየተቆጣች መንገድ ታስለቅቅልኛለች።

ያገኘናቸው በመጨረሻው ክፍል ነው። አለልኝ ተወግቶ ታይቷል፤ ካላዛር ነው። ሰባቱም ካላዛር ናቸው። አለልኝ የመጀመሪያውን መርፌ ጠዋት ወስዶ ነበር። መርፌው በየቀኑ ነው፣ አንድ ወር ይቆያል፣ ሐኪሙ ልብ ሊያውክ እንደሚችልም ነገረኝ። ይድናል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «በጊዜ ከመጣ» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። በጊዜ መጥቷል ወይ ብዬ አልተከተልኩትም።

ረቡዕ።

ወረቀቴ ሊያልፍ ስለሆነ መቆየት አልቻልኩም። ሐጃ ስትና ምግብ እንደምታመላልስለት በአላህ ማለችልኝ፤ ጾሙን እስኪፈታ ሥጋ እንደማታሳየውም ጨመረች። ካርቱም እስክደርስ በየኬላው ወረቀቴን ሲያዩት የማስበው ስለ ወረቀቱ አልነበረም። ያ ሁሉ ሜዳ ሲያልፍ አላየሁትም።

አለልኝ ካርቱም የገባው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ በእግሩ ከአውቶቡስ ወርዶ። ስለ ሌሎቹ ቶሎ አልጠየቅሁትም። ራሱ ነው የነገረኝ፤ አያ ደርሶ ድኖ ወደ ሀዋታ ተመልሷል፣ ይርሳው በሁለተኛው ሳምንት ሞቷል። «መንገዱን በሙሉ አቅፌው ነበር የመጣሁት» አለኝ። «በጣም ይሞቅ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ስሙን አላነሣውም።

ኡስታዝ ባሽር አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ነበር። መሣሪያውን ከሀዋታ ሰዎች መልስ እንደገና እያስተማረው መሆኑን፣ በዓሎቻችንን ሁሉ ከቀናቸው ጋር እንድጽፍለትም ነገረኝ። እየጻፍኩለት ነው።

አለልኝ አሁን የቀን ሥራ ጀምሯል። ማታ ሲመጣ እንዴት ዋልክ ብዬ የምጠይቀው ለወጉ ያህል ነው። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል። እኔም ይመስገን እላለሁ፣ እጄን አድርቄም ግንባሩ ላይ አደርጋለሁ።